«ተቀበል» የሚል የጠፋበት ቅዳሜ

ገለቴ ከቅዳሜ ገበያ ስትመለስ የባንቺዓለም ጠጅ ቤት በር ላይ የተሰቀለችውን ጥቁር ሰሌዳ አየች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰሌዳዋን ግን ታውቃታለች። በየቀኑ የትኛው አዝማሪ እንደሚጫወት በጠመኔ የሚጻፍባት ናት። ዛሬ ጽሑፉ በዝቶባታል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ዶሮ ነው የጫረው?»

ባንቺዓለም ከደጃፏ ሆና ሳቀች። «አዝማሪ አዝመራውን የምናስብበት ቀን ነው እማማ። ሙት ዓመቱ አይደል? በእውቀቱ የሱን ዘፈኖች ይጫወታል።»

«እታች ያለውስ?»

ባንቺዓለም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ኦርጋን የሚጫወት ልጅ ከወልድያ ይመጣል። ካድሬውም አስጎብኚውም ኦርጋን አምጪ ነው የሚለኝ። በእውቀቱ ሲጫወት ቤቱ ይበርዳል፤ ምን ላድርግ? ዛሬ ካሞቀው ይቆያል። ካላሞቀው ማሲንቆውን ይዞ አገሩ ብልባላ ይግባ።»

«አንቺ ደግሞ ኦርጋን!» አለችና ገለቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች።

የብልባላውን አዝመራውን ራዲዮ አያውቀውም፤ አዲስ አበባም አያውቀውም። በላስታ ግን እሱ ያልተጫወተበት ሰርግ ሰርግ አይባልም ነበር። ገለቴና እሱ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰዳደቡ ኖሩ። እሷ «ተቀበል!» ብላ ግጥም ትወረውርለታለች፤ እሱ በማሲንቆው ተቀብሎ ለቤቱ ያሰማል፤ ከዚያ የባሰ ጨምሮ ይመልስላታል። ከሞተ ወዲህ እግሯ እዚህ ቤት አልረገጠም። የሱን የደጋን አያያዝ የወረሰ ቢኖር እሱ ያስተማረው በእውቀቱ ብቻ ነው። እሱ ከተባረረማ አዝመራው ሁለተኛ ተቀበረ ማለት ነው።

ቤቱ ሙሉ ነው፤ ግን ለቅሶ ቤት ይመስላል። ሰው ብርሌውን ይዞ አቀርቅሯል። በሙት ቀን ማን ደፍሮ ግጥም ይወርውር? በእውቀቱም ከአዝመራው ካሴት የሸመደደውን ቃል በቃል ያወርደዋል። ካሴቱ ድሮ ሙጃ አገር ሰርግ ላይ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ምስኪኑ ልጅ ማንም የማያውቀውን የሙጃ ሙሽራ ያሞግሳል፤ አፈር የበላውን ሚዜ ጢም ያደንቃል። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ከብልባላ መጥቶ ጠጅ ሊጠጣብን፣
ማሲንቆው ሳያንስ አህያው ዘፈነብን።»

ገለቴ ክው አለች። የራሷ ስድብ ነው! እዚያ ሰርግ ላይ ለአዝመራው የወረወረችለት። ያን ቀን አህያው እውነትም ደጅ ታስሮ ሲያናፋ ነበር። ዛሬ አህያውም የለ፤ ጌታውም የለ። እንባዋ ሊያሳጣት ሲል ቁጣዋን አስቀደመች።

«አቁም!»

ደጋኑ ቆመ። «እማማ፣ አጠፋሁ?»

«አጠፋህ እንጂ! አዝመራው የተቀመጠውን ሰው ግጥም ሲቀበል ኖረ እንጂ መች ሸመደደ? እኔ በቁሜ እያለሁ የዱሮ ስድቤን ምን አስቆፈረህ?» ወደ ጠጪዎቹ ዞረች። «እናንተስ? ፍትሐት ላይ ናችሁ?»

«የሙት ቀን ነው ብለን ነው እንጂ…» አለ ሽማግሌው ወልደ ኪዳን ጢሙን እያሻሸ።

«ለፍትሐቱ ቄሶቹ አሉለት! ልጄ፣ ተቀበል!

አዝመራው ሄደና ማሲንቆውን ትቶ፣
ምነው ዝም ይላል ሰው የሰው ጠጅ ጠጥቶ?»

በእውቀቱ ተቀበላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን እዚያ አላቆመም፤ ደጋኑን ልክ እንደ አዝመራው ከላይ ጎተት አድርጎ ከራሱ ጨመረ፦

«እማማ ገለቴ ምላስዎ ፍም አለበት፣
ቤቱ በርዶት ነበር ሞቀ ሲገቡበት።»

«ይሄ ባለጌ!» አለች ገለቴ፤ ጥርሷ ግን አልተከደነም።

«ተቀበል!» አለ ወልደ ኪዳን ብድግ ብሎ። ከጥግ ሌላው «ኧረ እኔን አስቀድመኝ!» አለ። ልጁን ላብ አጠመቀው፤ አንዱን ሲቀበል ሌላው ይደርስበታል። ሳቅ ያመለጠው ሰው ብርሌ ሰበረ፤ ባንቺዓለም እንኳ ሳትቆጣው ቀረች። ጨርቅ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች።

ገለቴ ተከተለቻት። እታች የነበረው የወልድያው ልጅ ስም ከሰሌዳው ሲጠፋ ቆማ አየች።

«አዝመራው የትኛው ነው?»

«ይሄ፣ ትልቁ።»

ገለቴ በጣቷ ጫፍ፣ ጠመኔው እንዳይለቅ ተጠንቅቃ፣ ነካ አደረገችው።

«እኔንም ጻፊኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«እሺ እማማ። የት ጋ ላድርግዎት?»

«ከሱ በላይ ነዋ! መቼ ነው ከሱ በታች የሆንኩት?»