ስልሳ ቆርቆሮ ከነሚስማሩ

አጎቴ ጀማሉ ቡታጅራ ላለው የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቁ ኮምፒውተር ሲያስገባ ሂሳብ ያዥ ያደረገው እኔን ነው። «የእህቴ ልጅ ሃፊዛ እያለች ባዳ ሂሳቤን አይነካም» አለ። እኔ ሞኟ ኩራቴ አልቻል አለኝ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ደንበኛ በዱቤ ሲወስድ ደረሰኙን እሞላለሁ፤ ሂሳቡ ሁለት ቦታ ይጻፋል። በአንድ በኩል ደንበኛው ላይ ዕዳ ይያዛል፣ በሌላ በኩል ሽያጭ ይመዘገባል። ሲከፍል ደግሞ ካዝናው ይጨምራል፣ ዕዳው ይቀነሳል። አንዱን ጎን ብቻ ጽፌ ልለፍ ብል ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። ገንዘብ ገባ ካልኩት፣ ከማን እንደሆነ ሳልነግረው አያሳልፈኝም። ከሰው ይልቅ እሱን አምን ነበር።

በ1999 ዓ.ም. አባቴ ሀያቱ መስቃን ለሚሠራው ቤት ስልሳ ቆርቆሮ ከነሚስማሩ በዱቤ ወሰደ። አምስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ አምስት ብር፤ እኔው መዘገብኩት። እንደ አገሩ ልማድ የሚከፈለው ለአረፋ ነው፣ ልጆች ከአዲስ አበባ ገንዘብ ይዘው ሲገቡ።

አረፋ ካለፈ ሁለት ወር በኋላ አጎቴ ሽማግሌ ሰብስቦ «ሀያቱ አልከፈለኝም» አለ።

«ወላሂ፣ በዋዜማው ቤትህ መጥቼ በእጅህ ሰጥቼሃለሁ!» አለ አባቴ።

«ደረሰኝህስ?»

«የሚስቴን ወንድም ደረሰኝ ቁረጥልኝ ልበለው? ነውር አይደለም እንዴ?»

ወደ ሱቁ ሮጬ የአረፋን ሰሞን ሂሳብ ከፈትኩ። ገንዘቡ ገብቷል፤ ሳንቲም ሳይጎድል አምስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ አምስት ብር። ዕዳው የተቀነሰለት ግን ለአባቴ ሳይሆን ለአጎቴ ልጅ ለሙባሪክ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። የሱቁ ሸሪኩ «የልጅህን ዕዳ አስከፍል» እያለ ሲያስጨንቀው የከረመው አጎቴ፣ በበዓሉ ማግስት ብሩን ሰጥቶኝ «ሙባሪክ ነው የላከው፣ ቀንሺለት» ብሎኝ ነበር። የአባቴን ብር በገዛ እጄ ለሌላ ሰው ጻፍኩት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

ወረቀቱን አትሜ ለሽማግሌዎቹ ዘረጋሁት። አጎቴ እንኳን ሊያፍር፣ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይህን የጻፈው ማነው? የመዝጋቢው ስም የማን ነው?»

«የእኔ» አልኩ።

«በሉ እንግዲህ፣ ሀያቱ ከፍሎ ከሆነ አጭበርባሪዋን አገኛችሁ። ነገ ፖሊስ ያጣራው።»

የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሐጂ ሙሀይሚን ወደ አባቴ ዞረው «ሀያቱ፣ ምን ትላለህ?» አሉት።

አባቴ በሕይወቱ ውሸታም ተብሎ አያውቅም። ለረጅም ጊዜ አየኝና አንገቱን ደፋ።

«አልከፈልኩም። ረስቼ ነው፣ አውፍ በሉኝ» አለ።

በገበያው ቀን በሬውን ሸጠ። አጎቴ ብሩን ቆጥሮ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «መዝግቢ» ብሎ አቀበለኝ። ያን ቀን ቁልፉን ጥዬለት ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻውን ደረሰኝ ሞላሁ። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ከማን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ሀያቱ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱም ጎን እኩል መጣ።