ዘጠነኛው ጉብኝት

የግብርና ባለሙያዋ ክንዷን እስከ ክርኗ ከረጢቱ ውስጥ ሰደደችና ከሥር አንድ እፍኝ በቆሎ ዘግና አወጣች። መዳፏን ስትከፍት በቆሎ የሚባል ነገር የለም። ፍሬው ተቦርቡሮ ገለባ ሆኗል፤ የቀረው ዱቄትና በዱቄቱ ውስጥ የሚርመሰመስ ጥቁር ነቀዝ ነው። አንዱ በእጅጌዋ ገብቶ ወደ ብብቷ ሲሄድ ተሰማትና ሰውነቷን ቀፈፋት። ሽታው ደግሞ የባሰ ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ ታጥፎ ሲከርም የሚሸተውን ይሸታል።

"ከላይ ከላዩ እኮ ደህና ነበር" አሉ ከኋላዋ የቆሙት የቤቱ እመቤት። "እንግዶቹም የሚያዩት ከላይ ከላዩን ነው።"

ሴትዮዋን መንደሩ በሙሉ "ሞዴሏ" ነው የሚላቸው። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ፣ ኮፍያ አልብሶ ፎቶ ካነሳቸው ወዲህ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ጠፍቷል። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗል። ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ።

ከረጢቱን ወደዚህ መንደር ያመጣችው ባለሙያዋ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በእግሯ ቤት ለቤት እየዞረች "አንድ ብቻ ሞክሩ" እያለች ለምናለች። ነገሩ ቀላል ነው። ከረጢቱ ሦስት ድርብ ነው፤ እህሉን በደንብ አድርቆ መሙላት፣ ከዚያ አፉን ጥብቅ አድርጎ ማሰር። አየር ያጣ ነቀዝ ታፍኖ ይሞታል። ገበሬውም በመከር እህሉን በርካሽ ሸጦ፣ ጎተራው ባዶ ሲሆን ያንኑ እህል በእጥፍ ዋጋ ከመግዛት ይድናል። እውነት ነው፤ ይሠራል። አሁን አንጀቷን ያሳረራት ደግሞ እውነት መሆኑ ነው።

ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ከታሰረ በኋላ ለመብላት ካልሆነ አይከፈትም። ጽሕፈት ቤቱ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ እንግዳ በዓይኑ ካላየ አያምንም። ከመከር ወዲህ ስምንት ቡድን መጥቶ ጎብኝቷል። ስምንቱንም ጊዜ ኃላፊው የሞዴሏን ከረጢቶች በገዛ እጁ ፈቶ፣ ከላይ ዘገን አድርጎ፣ "እዩልኝ! አንድ ነቀዝ የለም!" እያለ በቆሎውን በጣቶቹ መሃል ለካሜራ አንቆርቁሯል። ሲጨርስ እንደ ጫማ ማሰሪያ ላላ አድርጎ ያስርና ወደ መኪናው ይሄዳል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ቡድኑ ሲወጣ ነቀዙ ገባ። ሁለት ጊዜ ነግራዋለች። "ሳይከፈት ምኑን ላሳይ? የእናትሽን ሠርግ?" ብሎ አስቆባታል። ሦስተኛውና አምስተኛው ጉብኝት ላይ የከረጢቱን አፍ የያዘችው ግን እሷው ራሷ ነበረች። ይህ ትዝ ሲላት ራሷንም ጠላችው።

"እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ልበልሽ ልጄ? አትክፈቱ አልሽን፣ እኔ አልከፈትኩም። የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። ጉብኝቱ ሳያልቅ እንዳይነኩ ስላሉኝም ልጆቹን ያከረምኳቸው በጎረቤቴ በቆሎ ነው። ሞዴል ተብዬ ለማኝ ሆንኩልሽ! ሳቂ እንጂ።"

ባለሙያዋ አልሳቀችም። የቀሩትን ሦስት ከረጢቶችም ከሥር ፈተሸቻቸው። ሁሉም ያው ነው።

እጇን ሳትታጠብ የኃላፊው መኪና ደረሰ። ለዘጠነኛው ጉብኝት ከሚመጡት እንግዶች አንድ ሰዓት ቀድሞ መምጣቱ ነው። ሾፌሩና አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ "ከአንድ ቤት ወደ አሥር ሺህ ቤት" የሚል ባነር ይዘው ወረዱ። አሥር ሺው የታደለው ከረጢት ቁጥር ነው። ከረጢት የተቀበለ ሁሉ ከረሃብ ወጥቷል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል፤ ውስጡ በቆሎ ይኑር ከሰል ይኑር የጠየቀ የለም።

ኃላፊው ከረጢቱ ውስጥ አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጫማው ላይ የወጣውን ነቀዝ በሌላኛው ጫማው አሻሸው።

"ከቤቱ ጀርባ ውሰዱልኝ ይሄን።"

"አለቃ፣ የአራት ነፍስ ቀለብ ነው የተበላሸው። ለእንግዶቹ መንገር አለብን" አለች ባለሙያዋ።

"ምን ብለን?"

"እየከፈትን አበላሸነው ብለን።"

"ደህና ነሽ ግን? የእንግዶቹ ገንዘብ ሊለቀቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው?" ወደ ጎረቤት ግቢ አማተረ። "እዚያ የተሞላ ከረጢት የለም?"

አለ። የጎረቤቱ ሽማግሌ አንድ ከረጢት አላቸው። ጣሪያቸው የተቀዳደደ፣ ለፎቶ የማይሆን ቤት ስለሆነ አንድም ቡድን ረግጦት አያውቅም። የሞዴሏን ልጆች ከጎተራቸው እያበሉ ያከረሙት እሳቸው ናቸው። ጎተራው ባለፈው ሳምንት ተጠርጎ አልቋል። እስከሚቀጥለው እሸት ለሁለቱ ቤት የቀረው ያ ከረጢት ብቻ ነው።

ሾፌሩና ሠራተኛው ተሸክመው አመጡት። ሽማግሌው እየተንገዳገዱ ተከተሉ።

"ትመልሱታላችሁ?"

"ምን ነካዎት አባባ! ለአንድ ሰዓት እኮ ነው። ለአካባቢያችን ገጽታ ሲባል" አላቸው ኃላፊው።

"እኔ እንኳ ገልጬ አላየሁትም" አሉ ሽማግሌው ወደ ባለሙያዋ ዞረው። "እንዳልሽን ነው ያደረግኩት ልጄ።"

ኃላፊው የባለሙያዋን ክንድ ይዞ ወደ አጥሩ ወሰዳት።

"የዝውውር ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ነገ ጠዋት እፈርመዋለሁ። ባልሽም ልጅሽም ናፍቀውሻል፣ አይደለም?" አለና ፈገግ አለ።

ፈገግታው ከነቀዙ የባሰ ቀፈፋት። ዓይኑን በጨው የታጠበ! ባሏና ልጇ ወደ ከተማ ከሄዱ አሥራ አንድ ወር ሆኗቸዋል። የአራት ዓመት ልጇ ስልክ ስታነሳ "ማን ልበል?" ማለት ጀምራለች። ባሏ እንደ ቀልድ ነው የነገራት። እሷ ግን ስልኩን ዘግታ አልቅሳለች።

እንግዶቹ በሦስት መኪና መጡ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ በየእጃቸው የታሸገ ውሃ ይዘዋል። አንዲት ሴትዮ ማስታወሻ ደብተር ገልጣ ቆመች፤ ካሜራ የያዘው ሰው ሞዴሏን ወደ ብርሃኑ ጠጋ እንዲሉ አዘዛቸው። ኮፍያቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

"እኚህ እናት" አለ ኃላፊው፣ "ትናንት የሚበሉት አልነበራቸውም። ዛሬ ግን ጎተራቸው ሙሉ ነው!"

ተጨበጨበ። ሞዴሏ መሬት መሬት ያያሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ያቺኑ የቀረችዋን ለልጆቹ ትተው። ባለሙያዋ ይህን ታውቃለች።

"ውስጡን ማየት እንችላለን?" አለች ባለ ደብተሯ ሴትዮ።

"እንዴታ! ባለሙያችን ትከፍትላችኋለች።"

ባለሙያዋ ወደ ከረጢቱ ሄዳ ገመዱን ያዘች። ገመዱ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ተተርትሮ እንዳይላላ ጫፉ ታጥፎ ታስሯል። ልክ እንዳስተማረቻቸው ነው። እሷ ከዞረችባቸው ቤቶች ሁሉ ትምህርቱን በትክክል የሰማት ይህ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ነበር። ሽማግሌው እጆቿን ያያሉ። "አትክፈቺ" አላሏትም። ባለሙያ የምታውቀውን ታውቃለች ብለው አምነዋታል። ካሜራው ተነጣጥሮባታል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ደብዳቤ አሰበች፣ ልጇንም አሰበች።

ከዚያ ገመዱን ለቀቀችና ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለች።

"ይሄ አይከፈትም።"

ኃላፊው ሳቅ አለ። "ትቀልዳለች፣ ተጫዋች ናት።"

"ይሄ የጎረቤታቸው ነው። ለሁለት ቤት የቀረው ይሄ ብቻ ነው" አለች ወደ ባለ ደብተሯ ዞራ። "የሚታይ ከፈለጋችሁ የሞዴሏ ከቤቱ ጀርባ አለላችሁ። ስምንት ጊዜ የተጎበኘ በቆሎ ነው። ከሥር ዝገኑት።"

ሴትዮዋ መጀመሪያ ኃላፊውን አየችው፣ ቀጥሎ ደብተሯን ዘጋችና ወደ ቤቱ ጀርባ መንገድ ጀመረች።

ኃላፊው ጎንበስ ብሎ በጥርሱ መሃል "ተነሺ" አላት።

ባለሙያዋ እግሯን በእግሯ ላይ አነባበረች።