ባለ ሁለት ክር

"ርገጪው!"

ረገጠችው።

"ርገጪው እኮ ነው የምልሽ!"

"ረግጫለሁ አባባ! እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው።"

"እንግዲያው አልበራም" አሉ አባቷ ከመኪናው ኋላ።

ነርሷ ልጃቸው ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሦስተኛው አምፖል ነው። የቀኝ የፍሬን መብራቷና የቀኝ ፍሬቻዋ እንደማይሠሩ ትናንት ከኋላዋ ሲነዳ የነበረ ሰው በመስኮት ጮኾ ነግሯት አልፏል። ለራሷ ቢሆን ለሳምንት ታሳድረው ነበር። ከነገ ጀምሮ ግን መኪናውን የሚይዙት አባቷ ናቸው። እሷ የጠዋት ፈረቃ ስለደረሳት፣ ሁለቱን ልጆቿን ትምህርት ቤት እሳቸው ሊያደርሱላት ተስማምተዋል። ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና የነዱት ሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። የነገ ጫማቸውን ከዛሬው ጠርገው በሩ ሥር አስቀምጠዋል።

አምፖል መቀየር ቀላል መስሏት ነበር። ማለዳ አባቷ የተቃጠሉትን ሁለቱን በዳሰሳ ነቅለው፣ እያንዳንዱን ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አድርገው፣ "ሰማሽ? ክሩ ተበጥሷል፤ ይንሿሿል" ሲሏት፣ የድሮ ሹፌር ብልሃት ነው ብላ አድንቃቸው ነበር። ከዚያ መለዋወጫ ሱቅ ሄዳ አንዱን ብቻ አሳየችና የእሱን ዓይነት ሁለት ይዛ ተመለሰች። አንዱ ፍሬቻው ላይ ልክክ አለ። ሌላው የፍሬኑ ቤት ውስጥ አልቆለፍም ብሎ ተንገዋለለ።

ሁለተኛ ስትሄድ ባለሱቁ ሳቀባት።

"እህቴ፣ የፍሬቻ ሥራው ብልጭ ድርግም ነው፤ አንድ ክር ይበቃዋል። የፍሬኑ ግን ሲመሽ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ይደምቃል። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ክር። እንደ እናት በይው!"

"እናትማ በአንድ ክር ነው ሁሉን የምትሠራው" አለችው።

"እውነትሽን ነው። እይ፣ ጎኑ ላይ ያሉት ጉጦች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። ገልብጠሽ በግድ ካስገባሽው የሁለቱ ክሮች ሥራ ይምታታል።"

ሳትገለብጥ አስገባችው። አባቷ አልበራም አሉ። ሦስተኛ ስትመለስ ባለሱቁ አምፖሉን ባትሪ ላይ አገናኝቶ ሁለቱንም ክሮች አበራላት። "ይኸው፣ ጤነኛ ነው" አለና ግራ ገብቶት አዲስ ለወጠላት። አሁን ያስገባችው ያንን ነው።

"የግራውስ አባባ?" አለች ቀና ብላ።

አባቷ ወደ መብራቱ ጠጋ አሉ። "የግራውም... እሱም አልበራም።"

የግራው ትናንት ደህና ነበር። ፊውዙ ተቃጥሎ ይሆን? ወይስ ሽቦ ነክታ ይሆን? ወይ ፈጣሪዬ፣ ደህናውንም አበላሸሁት እንዴ፣ ብላ የኋላ ማሳያ መስታወቱን አየች። ከኋላ የጎረቤት ሱቅ የመስታወት በር ተዘግቷል። እዚያ በር ላይ ሁለት ቀያይ ክቦች ፍም መስለው ቆመዋል። እግሯን አነሳች፤ ጠፉ። ረገጠች፤ በሩ። በመኪናውና በበሩ መካከል አባቷ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው ቆመዋል።

እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሳች። በሩ ላይ ምንም የለም።

"አሁንስ አባባ?"

"አሁን በራ!" አሉ አባቷ እያጨበጨቡ። "ደመቅ ብሎ በራ! ተመስገን፣ አላልኩሽም?"

የምታምነውን አጣች። አምፖሉ ሥራው ተምታቶ ይሆናል አለች ለራሷ፤ ባለሱቁ ብሎ የለ? በዚያ ሐሳብ ላይ ተንጠልጥላ ወረደች።

"ቦታ እንለዋወጥ። እርስዎ ይርገጡልኝ።"

አባቷ ገብተው ተቀመጡ። መሪውን ሲጨብጡት እጃቸው አልተጠራጠረም። ፍሬኑን ሲረግጡ ግራውም ቀኙም እኩል፣ ጥርት ብለው ቀሉ። ሲለቁት ጠፉ። የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። የተምታታ ክርም አልነበረም።

"በራ?" አሉ ከውስጥ።

በራ ካለች አንድ ነገር ሊያልቅ ነው፤ አልበራም ብላ ደግሞ አራተኛ አምፖል አትገዛም።

"በራ አባባ። ሁለቱም።"

አባቷ አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡ።

"እኔ አልበራም ያልኩሽ ጊዜስ?"

"ያኔም በርቶ ነበር።"

"ፀሐዩ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ዛሬ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል።"

መኪናው የቆመው ግንቡ ጥላ ሥር ነበር።

አባቷ ወረዱ። ከመኪናው አፍንጫ ላይ እየዳሰሱ አንዱን አሮጌ አምፖል አነሱና ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት።

"ይሄኛው ሞቷል። ይሄን እንኳ አልሳሳትም።"

"አይሳሳቱም።"

ስልኳን አወጣች። ወደ ግቢው ገብታ፣ በር ዘግታ ልታወራ ትችል ነበር። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች፤ ተመልሳ አጠገባቸው ሆና ደወለች።

"ሲስተር፣ የነገውን ጠዋት ከሰው ጋር ቀይሪልኝ" አለች። "ልጆቹን አድርሼ፣ ከዚያ አባቴን ዓይን ሐኪም ጋ ይዤ እሄዳለሁ።"

አባቷ አልተከራከሩም። የሞተውን አምፖል ኪሳቸው ከተቱት፤ የመኪናውን ቁልፍ ግን መሪው ሥር እንደተሰካ ተዉት።