ለአንድ ሰው የተገዛው ሶፍትዌር

በዓይን ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ «ጠይቋት» ይላታል። ስሙ የወጣላት በቀልድ አይደለም። አንዱ «ነገ ስንት ሰው ነው ቀዶ ጥገና የሚገባው?» ሲል ሌላው ቀና እንኳ ሳይል «ጠይቋት» ይለዋል። «ሃያ አንድ ቁጥር ሌንስ ቀርቶናል ወይ?» «ጠይቋት።» ሲደጋገም ጊዜ ስም ሆኖ አረፈው። እሷም አቤት ማለቱን ለመደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ የታካሚውን ጉዳይ በሙሉ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል፤ የቀኝ ዓይን ይሁን የግራ፣ ስንት ቁጥር ሌንስ እንደሚገባለት፣ መቼ ተመልሶ እንደሚታይ። ማስገባቱን ሁሉም ያውቅበታል። ማውጣቱ ላይ ግን ሁሉም እጁን ያጣጥፋል። ዳታቤዝ የሚሉት ነገር ሁሉን እያወቀ፣ በገዛ ቋንቋው ካላናገሩት አፉን የማይከፍት ኩሩ ሽማግሌ ነው። በዚያ ግቢ ቋንቋውን የምትችለው ደግሞ ጠይቋት ብቻ ነበረች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ሰው ይሰለፋል፤ ደህና አደርሽ፣ የነገን ሌንስ አውጪልኝ፤ ደህና አደርሽ፣ ከቀጠሮ የቀሩትን አውጪልኝ።

መፈለግ ደስ ይላል፤ ማን ይጠላል? ችግሩ የተፈለገ ሰው ከወንበሩ መነሳት አይችልም።

ታናሽ እህቷ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያሳደገቻት ጠይቋት ናት፤ እህት ትባል እንጂ ልጇ ናት። ይህች እህት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ጠይቋት ሻንጣዋን ቆልፋ፣ ትኬቷን ቆርጣ ጨርሳ ነበር። ያን ሰሞን ተቆጣጣሪዎች መጡ። «ያለ ሪፖርት እንዴት እንቀበላቸዋለን? አንድ ቀን ብቻ ታገሺን» አሏት። አንዱ ቀን ሳምንት ሆነ። እህቷ ምጥ ይዟት ስትደውል ጠይቋት ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ በሁለት እጇ ሪፖርት ትሠራ ነበር። እህቷ የኪቦርዱን ኳኳታ ሰማች። «ሥራ ላይ ነሽ አይደል? ግዴለም፣ በይ ቻው» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ነገሩን አንስታባት አታውቅም። ጠይቋትን ከውስጥ የሚበላትም ይኸው አለማንሳቷ ነው። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

አሁን እህቷ ሁለተኛውን አርግዛለች። ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ መቼ ቤት እንደሚገኝ እሱም አያውቀው።

«እታለም፣ በዚህኛው ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት በስልክ።

«ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል እመጣለሁ።»

ብላ ማለች። መማል ቀላል ነው፤ ፈቃድ ማውጣት ነው እንጂ ጭንቁ። ዳይሬክተሯ እጃቸው የተባረከ የዓይን ሐኪም ናቸው፤ ነገር አያንዛዙም። «ሂጂ» አሏት። «ግን ሪፖርቱ ያላንቺ የሚወጣበትን መንገድ አበጅተሽ ሂጂ። ዳታቤዙን እያነበበ ለሁሉም የሚያሳይ ሶፍትዌር አለ ይባላል፤ አቅማችንን የሚመጥን ምረጪና ከፋይናንስ ጋር ጨርሱ። ያ ካልሆነ ግን ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ታካሚ አስተኝቼ ሌንሱ አለ የለም እያልኩ መቆም አልችልም።» እውነታቸውን ነው፤ ምን ይባላሉ።

የፋይናንስ ኃላፊው «ቋጠሮ» ይባላሉ። ስማቸውን ያውቁታል፤ አይከፋቸውም። አዲስ እስክሪብቶ የሚሰጡት ያለቀውን ተቀብለው፣ ጆሯቸው ሥር ነቅንቀው ነው። ስለ ምንም ነገር ቢነግሯቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ነው?» ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። የድሃ ሆስፒታል ገንዘብ ያዥ ትንሽ ክፉ ካልመሰለ ሆስፒታሉ ክረምቱን አይወጣም።

መጀመሪያ የመጣው ሶፍትዌር ከነሻጩ መጣ። ሻጩ ጫማው እንደ መስተዋት የሚያበራ ጎረምሳ ነው። ግድግዳው ላይ ቀለም በቀለም የሆነ ክብ አወጣ፤ ሲነካው ተሰነጣጠቀ፣ ሲነካው ተመልሶ ገጠመ። ዋና ነርሷ እንኳ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማይወዱት፣ «ውይ ሲያምር» አሉ።

«ስንት ነው?» አሉ ቋጠሮ።

ሻጩ በዓመት፣ በሰው፣ በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ነገራቸው። ቋጠሮ መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ጠረጉት። «ልጄ፣ ይህን ከገዛን ሪፖርት የሚደረግበት ታካሚ አይኖረንም» አሉት። ሻጩም ክቡን አጥፍቶ ሄደ።

ሁለተኛውን ጠይቋት ራሷ ፈልጋ አመጣችው። መልኩ ይህን ያህል አያምርም፤ ሥራ ግን ይችላል።

«ስንት ነው?»

«በነፃ ነው፣ ጋሼ።»

ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ቋጠሮ ግን ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። «ነፃ? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሠርቶ በነፃ የሚሰጥ ማን ነው? እሺ፣ ሲበላሽስ ማንን እንጠራለን?»

መልሱን ዋና ነርሷ ቀደሟት። «ጠይቋትን ነዋ!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ዋና ነርሷ የተናገሩት እውነት ነበር። ያ ሶፍትዌር በነፃ የሚገኘው የሚጠግነው ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ነው። እሱን መረጠች ማለት እህቷ ራስጌ ቁጭ ብላም ስልኩን በትከሻዋ ልትደግፍ ነው። ፋይሉን ዘግታ ተመለሰች።

ሦስተኛው የአንድ ትንሽ ድርጅት ሥራ ነው። ዋጋው ደህና፣ ሲቸግር የሚደወልበት ስልክ ያለው፣ ጨዋ ነገር። ክፍያው ግን በአንድ ጊዜ በሚገባው ሰው ልክ ነው፤ አንድ ሰው ከተከፈለለት አንድ ሰው፣ አሥር ከተከፈለላቸው አሥር። ጠይቋት ለየክፍሉ አንድ አንድ ብላ ጠየቀች።

«ለአንድ ሰው እንግዛው» አሉ ቋጠሮ።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ብዙ ናቸው እኮ።»

«በየተራ ይግቡዋ! የሽንት ቤቱን ቁልፍስ ተካፍለን አይደል የምንኖረው?»

እዚህ ላይ እምቢ ማለት ነበረባት። ግን የእህቷ ሆድ እየገፋ፣ የትኬቱ ቀን እየቀረበ ነበር፤ የቸኮለ ሰው የማያምንበትን ነገር ያምናል። «እሺ» አለች።

ሶፍትዌሩ በተከፈተ ዕለት ዋና ነርሷ ፓስወርዱን በትልልቅ ፊደል ጽፈው ኮሪደሩ ላይ ለጠፉት፤ ሁሉም ገባ። ሁሉም ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወጣ። ዋና ነርሷ የነገን ሌንስ ግማሽ እንዳነበቡ ንብረት ክፍሉ ገባና እሳቸውን አስወጣቸው። እሳቸው ተመልሰው ሲገቡ እሱ ወጣ። ካርድ ክፍል ሁለቱንም ገፍትሮ ገባ። ከዚያ ወዲያ በየቢሮው በር እየተከፈተ «ማን ነው ያስወጣኝ?» «ኧረ ውጡልኝ፣ አንዴ ብቻ!» ሆነ። አግዳሚው ላይ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ምነው፣ እሳት ተነሳ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ቋጠሮ ራሳቸው ከቢሯቸው ብቅ ብለው «እኔ እኮ ነኝ የከፈልኩት!» አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከቀትር በፊት ቀዶ ጥገናው ቆመ። ታካሚዋ ተኝታለች፣ ዓይኗ ደንዝዟል፣ የሌንሷን ቁጥር አይቶ የሚያመጣ ሰው ግን መግባት አልቻለም። ጠይቋት እየሮጠች በእጇ አውጥታ ሰጠች፤ ሴትየዋም በሰላም ተሠራላት። ዳይሬክተሯ ጓንታቸውን እያወለቁ ወጡ። አልተቆጡም። «ትኬትሽን አራዝሚው» ብቻ አሉ።

ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ዋና ነርሷ ሳያንኳኩ ገቡ፤ ዕድሜያቸው ማንኳኳት ትቷል። ጥፋተኛ ነኝ ብለው ነው መሰል አጠገቧ ተቀመጡና ማጉረምረም ጀመሩ። «ልጄ፣ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ግቢ ውጪ ታሰኚኛለሽ? እኔ እዚያ ውስጥ ምን አለኝ? የነገን ሌንስ ወረቀት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ጠይቋት እንባዋን ሳትጠርግ ዞር ብላ አየቻቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ስንት ዓመት በሯ ላይ የተሰለፈው ሰው የጠየቃትን በልቧ አንድ በአንድ ጠራችው፤ የነገ ሌንስ፣ ያለቀ ሌንስ፣ ከቀጠሮ የቀረ፣ የገባ ገንዘብ። ጥያቄው ከአንድ እጅ ጣቶች አያልፍም፤ በየማለዳው ያው ነው። ማንም መግባት አልፈለገም። ሁሉም የፈለገው መልሱ እንዲመጣለት ነበር። እሷ ደግሞ ለሁሉም በር ስትፈልግ ከርማለች!

ወደ ድርጅቱ ደወለች። አዎ፣ ሶፍትዌሩ የተዘጋጀ ሪፖርት በቀጠሮ ራሱ ይልካል፤ ወደ ፕሪንተርም፣ ወደ ስልክም። ለዚያ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ማዘዣው ፊት ለፊቷ ነበር፤ ስታልፈው ነው የኖረችው።

በማግስቱ ጠዋት የነርሶቹ ክፍል ፕሪንተር ማንም ሳይነካው አጉረመረመና የዕለቱን ወረቀት ተፋ። በየክፍሉም እንዲሁ። ሰዎቹ ግን ልማድ ሆኖባቸው ወረቀቱን እንደያዙ በሯ ላይ ተሰለፉ። «ደህና አደርሽ» ይሉና የሚጠይቁት ሲጠፋቸው ቆም ብለው ይመለሳሉ። ቋጠሮ የደረሳቸውን ወረቀት ገለበጡት። «በአንድ ፊቱ ብቻ ነው የታተመው» አሉ ቅር ብሏቸው። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስንት ጨመረብን?»

«ምንም።»

«ምንም?» በዚያ ቢሮ ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ነው። ዳይሬክተሯ ደግሞ ጥቂት ጠዋቶች ፕሪንተሩን አይተው ፈቃዷን ፈረሙ። «ስልክሽን ግን አትዝጊ» አሏት።

እህቷ ቤት ስትደርስ ሆድ እስከ አፍንጫ ሆኖ ነበር። ሳቁ፣ ተቃቀፉ፣ ትልቁ ልጅ ሻንጣዋን በረበረ። ስልኩ ግን ጭጭ አለ። ጠዋት አየችው፤ ማንም የለም። በማግስቱም አየችው። ደስ ሊላት ሲገባ ቅር አላት፤ ሰው ናትና። ለካስ በወረቀት እተካ ኖሯል አለች በሆዷ።

«እታለም፣ ስልክሽ ተበላሸ እንዴ?» አለቻት እህቷ።

«አይ፣ አልደወሉም።»

ምጡ ማለዳ ላይ መጣ። የማዋለጃው በር ላይ «አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ» የሚል ተለጥፏል፤ አንዷም እሷ ሆና ገባች። የእህቷ እጅ እጇን ጨምቆ ይዟል፣ ሲመጣባት ያጠብቃል፣ ሲለቃት ይላላል። ልክ የሆስፒታሉ ፕሪንተሮች ሥራቸውን በሚጀምሩበት ሰዓት ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

ዝም አለችው። ቆመና እንደገና ጮኸ። እህቷ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«አንሺው። ግዴለም።»

ያንኑ ቃል ነው። ጠይቋት ልቧ ተሰበረ። ሌንስ ቢያልቅ፣ ዳታቤዙ ቢቃጠል እንደማትነሳ በዚያች ቅጽበት ቆረጠች። እህቷም ትስማው ብላ ድምፁን ከፍታ አነሳችው። «ሲስተር፣ ዛሬ አልችልም። ምጥ ላይ ነን።»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው እኮ የደወልኩት!» አሉ ዋና ነርሷ። «ወረቀቱማ ወጥቷል፣ ምን ይሆናል። የእህትሽ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የለ። ቀኗ ደርሷል ብለሽን ሁሉም ጠዋት እኔን ‹ወለደች ወይ?› ይለኛል። በሬ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል።»

ከጀርባቸው የሰው ጉርምርምታ ይሰማል። አንዱ ስልኩን ነጠቀ።

«ስንት ነው?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ኪሎው ነዋ!»

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

እህቷ ከግድግዳው ዞረች። ላቧ ፊቷ ላይ ይወርዳል። «ምን ፈልገው ነው?»

«አንቺን ነው የሚጠይቁት።»

«እኔን?» አለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከሳቋ መሃል እንባዋ መጣ። እጇን ዘርግታ የእህቷን እጅ መልሳ ያዘችና ወደ ስልኩ ቀና አለች።

«ስወልድ እንነግራችኋለን» አለቻቸው። «እታለም አሁን ሥራ ላይ ናት። በሉ ቻው።»