ላይኛው ድምፅ

ወንድሜ ቨርሊን አንድም ዘፈን በዋናው ዜማ ዘፍኖ አያውቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ። በሬዲዮ ድምፁን ያልሰማ ሰው በከተማችን በቤከርስፊልድ የለም፤ ከዘፋኙ ከዶይል ሃቸር ድምፅ በላይ የሚሄደው ያ ቀጭን ድምፅ የእሱ ነው። ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። ጸጉር የምሠራላቸው ሴቶች እንኳ "ያ ከዶይል አጠገብ ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ረጅሙ" ነው የሚሉት። ወንድሜ ነው ስላቸው "ውይ፣ ታዲያ ዶይልን ታውቂዋለሻ!" ይሉኛል። ያኔ ማበጠሪያውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ እስበዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በልጅነታችን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ አይገባም፤ በሰው ድምፅ ብቻ፣ በአራት ተከፍሎ ነው የሚዘመረው። መዝሙር የሚመሩት አባታችን ነበሩ፤ ልጅ ገና ፊደል ሳይለይ የትኛውን ድምፅ እንደሚይዝ የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። "ሊዮታ፣ ዜማውን ያዢ። ቨርሊን፣ አንተ ላይኛውን" አሉን። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ማንኛውንም መዝሙር የሚማረው በላይኛው፣ ዜማውን በሚያጅበው መስመር ነበር። ዜማውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይይዝለታል።

ካደግን በኋላ ዶይል ይህን አገኘና ተጠቀመበት። አልዋሽም፣ ዶይል ጎበዝ ዘፋኝ ነው፤ ቁመናውም ጨዋታውም አለው። ግን እንደ ልቡ ነው የሚዘፍነው፤ ሲያሻው ቃሉን ይጎትተዋል፣ ሲጠጣ ደግሞ አንድ ሙሉ መስመር ይዘላል። ቨርሊን እጁ ጊታሩ ላይ፣ ዓይኑ ዶይል አፍ ላይ ነው። ዶይል ሲተነፍስ ይተነፍሳል፣ ሲሳሳት አብሮት ይሳሳታል። እንዲህ ሲሆን ስሕተቱም ተጠንቶ የመጣ ይመስላል።

ከዘፈኖቻቸው ሁሉ የታወቀው "የአርቪን መንገድ" ነው። እሱን የጻፈው ቨርሊን ነው፣ ስለ እናታችን። እናታችን ከኦክላሆማ መጥታ፣ አርቪን እርሻ ላይ ጥጥ ስትለቅም ጀርባዋ ጎብጦ የሞተች ሴት ናት። አባታችን ግን ዘፈኑ የዶይል ይመስላቸው ነበር። "ለምን አትነግራቸውም?" ስለው ቨርሊን "አንድ ቀን ፊት ለፊታቸው ቆሜ ስዘፍነው ራሳቸው ይገባቸዋል" ይለኛል። ከዚህ ሌላ ምንም ሲመኝ አልሰማሁትም።

አንድ ጊዜ ከሎስ አንጀለስ የሙዚቃ ሸክላ ኩባንያ ሰው መጣና "ብቻህን አንድ ሸክላ እናውጣልህ" አለው። ዶይል ወሬው ሲደርሰው የሚዘፍኑበት ዳንስ ቤት መኪና ማቆሚያ ላይ ጠበቀን።

"ሂድ እንጂ፣ ማን ያዘህ?" አለ ቢራውን እየተጎነጨ። "ብቻህን እዚያ ላይ ስትጮህ ግን የሚሰሙህ ውሾች ብቻ ናቸው።"

ቨርሊን ሳቀ። ወንድሜ ሲከፋው ይስቃል።

ስቱዲዮው ድረስ በመኪናዬ ወሰድኩት። ተጫዋቾቹ ተዘጋጅተው ቆይተዋል። በ"የአርቪን መንገድ" እንጀምር ተባለ፤ ቨርሊን ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ምን እንደጎደለ እኔም አልገባኝም። ያምራል፣ ግን ዘፈኑ የለም። ላይኛውን መስመር ብቻ ነበር የሚዘፍነው።

"ግሩም ነው" አለ ሰውየው ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ። "አሁን ዜማውን።"

"ይሄ እኮ ነው ዜማው" አለ ቨርሊን።

ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንደገና ሞከረ። በደንብ ጀመረና አዝማቹ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ወጣ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞ ወጣ። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። የገዛ ዘፈኑን፣ ስለ ገዛ እናቱ የጻፈውን፣ አያውቀውም። ሰውየው በትሕትና "እንደውልልሃለን" አለው። አልደወለም። ቨርሊንም ወደ ዶይል አልተመለሰም።

ያን በጋ ሰኞ ሰኞ፣ ጸጉር ቤቴ ዝግ በሚሆንበት ቀን፣ አስጠናው ጀመር። እኔ ዜማውን እዘፍናለሁ፣ እሱ ይከተለኛል።

"ታች! ቨርሊን፣ ታች!"

"ታች ነኝ!"

"ጣሪያ ላይ ነህ አንተ ሰውዬ!"

እንስቃለን፣ እንጣላለን፣ እንደገና እንጀምራለን። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይወጣ ዘፈነው። የዓይኔ ኩል እስኪፈስ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን ዶይል ደወለ። አዲሱ ቤዝ ተጫዋች አልተመቸውም። "ስተነፍስ አያየኝም እኮ! ሴቶቹን ነው የሚያየው። ና በቃ፣ ተመለስ።"

"የአርቪን መንገድን እኔ እዘፍነዋለሁ" አለው ቨርሊን። "በካውንቲው የገበሬዎች ትርኢት ላይ። አንተ ዝም ትላለህ።"

ዶይል "ይሁን፣ አንድ ጊዜ" አለ።

አባታችን ዳንስ ቤት አይረግጡም፤ የገበሬዎቹ ትርኢት ግን ላሞች ስላሉበት ኃጢአት አይደለም። እሁድ ከሰዓት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ምንም አልነገርኳቸውም። "ዛሬ ልጅዎን ይስሙት" ብቻ ነው ያልኩት።

ዶይል ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን አልክድበትም። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ ቆመ። ቨርሊን ወደ ፊት መጣና ጀመረ፤ ዜማውን፣ ልክ እንዳጠናነው። ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ታች ነው። አባታችን ቀና አሉ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

አዝማቹ ሲደርስ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዶይል ነው። በተንኮል አይመስለኝም፤ ዓመታት የዘፈነው ነገር አፉ ላይ መጣበት እንጂ። ዜማውን ለራሱ ያንጎራጉር ነበር። ያ በቂ ሆነ። ወንድሜ ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ወጣ። ዓይኑ ዞረ፣ ዶይል አፍ ላይ አረፈ። እግሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቦታው ባዶ ሲሆን ዶይል ምን ያድርግ? ገባበት፤ ዜማውን ያዘ።

"ታች!" ብዬ ጮኽኩ። ማን ይሰማኛል? ሕዝቡ ተነሥቶ እያጨበጨበ ነበር። እንደዚያን ቀን አሳምረው ዘፍነውት አያውቁም። ያ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ስንመለስ ቨርሊን ይነዳል፣ አባታችን ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። የጥጡን እርሻ አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ አባታችን መሐረባቸውን አወጡ።

"ያ ዶይል" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "እናታችሁን በዓይኑ ሳያያት እንዴት እንዲህ አድርጎ ዘፈነላት?"

አፌን ከፈትኩ። ቨርሊን በመስተዋቱ አየኝና እንዳልናገር ራሱን ነቀነቀ።

"አንተም ላይኛውን በደንብ ይዘኸዋል ልጄ" አሉ አባታችን ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ። "እኔ ነኝ የሰጠሁህ።"

"አዎ አባባ" አለ ወንድሜ፣ እየሳቀ። "እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።"