ሶሻል ነው፣ ሒሳብ የለውም

ቤቴል ትምህርት ክፍል መምረጥ ሲጨንቃት ያማከራት በሶዶው ዩኒቨርሲቲ ግቢ በክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ታላቋ የነበረው ዘሩባቤል ነው። «ኢኮኖሚክስ ግቢ፤ ሶሻል ነው፣ ሒሳብ የለውም» አላት። ከሒሳብ ስትሸሽ የኖረችው ልጅ አምናው ገባች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው በካልኩለስ ተሞላ፤ ማትሪክሱና ኢኮኖሜትሪክሱም ተከተሉ። የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀች ዕለት ዘሩባቤል ለጓደኞቹ፣ «አሞኘኋት እኮ!» እያለ ሲስቅ በገዛ ጆሮዋ ሰማችው።

አላለቀሰችም። እልህ ይዟት ያንን ሒሳብ ተማረችው፤ በዚያው እልህ ማስተርሷን ጨርሳ እዚያው ሶዶ አስተማሪ ሆነች።

ዘንድሮ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ፣ ቦዲቲ ከተማ ዘመድ ቤት ተገናኙ። በወላይታ ቂም ይዞ ዘመን መሻገር ነውር ነው፤ ሽማግሌዎቹም ሥጋው ሳይቆረጥ፣ «በሆዱ ነገር የያዘ ይናገር» ብለው ነበር። ቤቴል ዝም አለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዘሩባቤል ቁርጡን እየጎረሰ ጠጋ አላት። «እህት ቤቴል፣ ለሥራ እድገት ማስተርስ ልጀምር ነው። የእናንተ የቅዳሜና እሁዱ ኢኮኖሚክስ እንደ መደበኛው ሒሳብ ይበዛዋል እንዴ?»

ዳጣውን አስጠጋችለት። «ሶሻል አይደል? ሒሳብ የለውም።»

በጥቅምት፣ ትምህርት በተጀመረበት ቅዳሜ፣ ዘሩባቤል ከፊት ወንበር ተቀምጦ አስተማሪ ሲጠብቅ ቤቴል ገባች። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በካልኩለስ ሞላችና ማርከሩን ዘረጋችለት።

«ወንድም ዘሩባቤል፣ ይውጡና ይሥሩልን።»

ለቤቴል ጊፋታ የገባው ያን ጊዜ ነው።