የነጋድራሱ ቁልቁለት

ናዝራዊት ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን አድርጋ ያየቻቸው ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ተሳታፊዎቹ የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

የቁጥር ሦስት ቅጽ፣ «እህቴን በመኪና አደጋ አጣሁ። አንኮበር ቁልቁለት ላይ። ሚያዝያ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት» ይላል። የቁጥር አምስት ደግሞ፣ «ሾፌር ነበርኩ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ስወርድ መኪናዬ ገደል ገባ። ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት» ይላል፤ ዓመቱም ያው ነው። ቅጾቹን ከሰበሰበች ሁለት ወር አልፏል። አንዷ ወሩን ጽፋ፣ ሌላው በዓሉን ጠቅሶ ስለነበር ልብ አላለችውም። ዛሬ ቀኖቹን ወደ ሠንጠረዥ ስታስገባ ግን ስልኳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከፈተች። የዚያ ዓመት ዒድ የዋለው ሚያዝያ ሁለት ቀን ነበር።

ደጋግማ አየችው። አንድ ቁልቁለት፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመት።

ናዝራዊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሥነ ልቦና ታስተምራለች፤ የምትሠራው ጥናት ለዶክትሬቷ ነው። የመኪና አደጋ ልባቸውን የሰበረባቸው ሰዎች በየቅዳሜው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሚና ይይዛሉ። እሷ ታሪኩን ትጀምራለች፣ እነሱ በያዙት ሚና ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ታሪኩ በድሮ ዘመን አሞሌ ጨው ስለሚያመላልስ የነጋዴ ጓዝ ነው። የጥናቱ ሐሳብ፣ ሰው በራሱ አፍ ሊናገረው ያልቻለውን በሌላ ሰው አፍ ሊናገረው ይችላል የሚል ነው። ሁለት ጥብቅ ደንቦች አሉ። አንደኛው፣ ማንም የራሱን ስምና አገር አይናገርም፤ የሚጠራው በሚናው ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ጠረጴዛው መሐል ቀይ ካርድ አለ፤ የከበደው ሰው ካነሣው ጨዋታው እዚያው ይቆማል።

ስም እንዳይነገር የሚለውን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። ምስጢራቸውን ለመጠበቅ ብላ ያወጣችው ደንብ ሁለቱን ሰዎች አምስት ቅዳሜ ሙሉ ፊት ለፊት አስቀምጧቸው ኖሯል።

አማካሪዋ ዶክተር ገብረመንፈስቅዱስ ጋ ደወለች። በሁለተኛው ጥሪ አነሱት።

«አቤት ናዝራዊት፣ ዛሬ ስድስተኛው አይደል?»

«አዎ፣ ዶክተር። እ… ስለ ድምፅ መቅጃው ልጠይቅዎት ነበር። ባትሪው ይበቃል ወይ ብዬ።»

«ይበቃል። ቁልቁለቱን ዛሬ ነው የምታስወርጃቸው? ዋናው መለኪያሽ እሱ ነው፤ በርቺ።»

ስልኩን ዘጋችው። በራሷ አፈረች። ግን ከስምንት ተሳታፊዎች ሦስቱ ቀድመው ቀርተዋል፤ ሁለት ሰው ዛሬ ብትቀንስ ጥናቱ ጥናት መባሉ ይቀራል። ሌላ መኪና ይሆናል ስትል ለራሷ ነገረች። በዚያ መንገድ ስንት መኪና ይወርዳል። ይህን እያለች የሚገናኙበትን አዳራሽ ጠረገች፣ ወንበሮቹን ደረደረች፣ ቀይ ካርዱን መሐል ላይ አኖረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተገኙ። በሰለች ከመዘዞ ነው የምትመጣው፤ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ እየገዛች በየገበያው የምትሸጥ፣ በጨዋታው ላይ ወጌሻ የሆነች ሴት ናት። አብዱልሀሚድ ረጅም፣ ቀኝ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው፤ ሚናው የጓዙ አለቃ፣ ነጋድራስ ነው። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ጌታሰው የጓዙ ጸሐፊ ናቸው። ሁለት ሴቶች ደግሞ የምግብና የከብት ኃላፊ ናቸው። በሰለች ስትገባ ነጋድራሱን ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን ሰነበቱ?» አለችው። «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺ ደኅና ነሽ?» አላት። ናዝራዊት አየቻቸውና ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች።

ናዝራዊት ታሪኩን ጀመረች።

«ጓዙ አፋፉ ላይ ደርሷል። ጉም ወርዷል፤ መንገዱ የሚታየው አሥር እርምጃ ያህል ብቻ ነው። ቁልቁለቱን መውረድ ጀምራችኋል። ድንገት የፊተኛዋ በቅሎ ተንሸራተተች፤ የኋላው ጭነት እየገፋችሁ ነው። ነጋድራስ ምን ያደርጋል?»

አብዱልሀሚድ ዳይሱን አነሣ እንጂ አልጣለውም። መዳፉ ውስጥ ያሻሸው ጀመር።

«ነጋድራስ ልጓሙን ይይዛል» አለ። ቆይቶ፣ «አይዝለትም» አለ።

«ከዚያስ?»

«ከኋላ ሴትዮዋ ትጮኻለች። ወራጅ አለ ትላለች።»

ጋሽ ጌታሰው ሳቁ። «በቅሎ ላይ ደግሞ ምን ወራጅ አለ!» ሁለቱ ሴቶችም ሳቁ። እሱ አልሰማቸውም።

«ጋቢናውን ከላይ ትደበድባለች። በቀለበቷ። ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ቂው፣ ቂው… ባናዎቿን ጭነቱ ላይ አንጥፋ ተቀምጣባቸው ነበር። ስድስት ባና። ሳሳፍራት ‹እንዳይረጥብብኝ› ብላኛለች።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ናዝራዊት በሰለችን አየቻት። ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል።

አብዱልሀሚድ ግራ ቀኙን አየ፤ ምን እንዳለ ያን ጊዜ ገና የገባው መሰለ። እጁን ወደ ቀይ ካርዱ ሰደደ። በሰለች ቀደመችው። መዳፏን ካርዱ ላይ ዘረጋችና ተጫነችው።

«አይነሣም» አለች።

«ወጌሻ…» አለች ናዝራዊት።

«ወጌሻ አይደለሁም። እኔ ከኋላ ያለሁት ነኝ።» ከሰውየው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። «ነጋድራስ፣ ወራጅ አለ እያልኩ ነው። ይሰማሃል?»

አምስት ቅዳሜ ሙሉ «እርስዎ» ስትለው ነበር።

አሁን «አበቃ» ማለት የናዝራዊት ሥራ ነበር። አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ አልወጣም። ፈርታ ነበር። ነገር ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ የሚቀጥለውን ልትሰማ ፈልጋለች። ይህን ኋላ ለራሷም ለሌላም ስትናገር አልሸሸገችውም።

«ይሰማኛል» አለ አብዱልሀሚድ።

«ለምን አትቆምም ታዲያ?»

«ፍሬኑ እምቢ ብሎኛል።»

«ከዚያ በፊትስ? ጎማው ሲሸት፣ እኔ መደብደብ ስጀምር?»

«ያኔ መቆም እችል ነበር። ተሳፋሪ መቼም ይጮኻል ብዬ ተውኩሽ።»

«አሁን ፍሬኑ እምቢ ብሏል። ምን ታደርጋለህ?»

ውጭ ነፋሱ የአዳራሹን ቆርቆሮ ያንገጫግጨዋል።

«በሩን ከፈትኩ።»

«እሺ።»

«ዘለልኩ።»

«ዝለይ ብለኸኛል?»

ሰውየው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አላልኩሽም። ወላሂ አላልኩሽም። አንዲት ቃል ነበረች፤ አልወጣችልኝም። ለፖሊስ መኪናው አስፈንጥሮ ጣለኝ ነው ያልኩት። ለሚስቴም እንደዚያው ነው የነገርኳት። ዘልዬ ነው የወረድኩት።»

በሰለች ብድግ አለች። ጋሽ ጌታሰው ወንበራቸውን ገፍተው መሐል ገቡ። እሷ ግን ለመምታት እጇን አላነሣችም።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ፊቱን በቃሏ ልትይዘው የፈለገች ይመስል።

«ተኝታ ነበር ነው ያሉኝ» አለች። «ምንም ሳይታወቃት ነው ያለፈችው ብለው አጽናኑኝ። እህቴ ወለተሐና ነቅታ ነበር። ስትጣራ ነበር።» ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ናዝራዊት ለጋሽ ጌታሰው፣ «አደራ፣ እንዳይለዩት» ብላ ሮጠች።

በሰለችን ያገኘቻት አስፋልቱ ዳር ነው። ወደ ደብረ ሲና የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ነፋስ እያስነሡ በአጠገቧ ያልፋሉ። አንዱ ጡሩንባውን ነፋ፤ እሷ ፈቀቅ አላለችም። ናዝራዊት ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻትና ወደ ኋላ ሳበቻት።

«ልቀቂኝ፣ አልሞትም» አለች በሰለች። «ሁለት ልጆቿን የማሳድገው እኔ ነኝ። መኪናዎቹን ነው የማየው። ስንቱ ሰው ላያቸው ላይ ተቀምጧል።»

ናዝራዊት ዝም ብላ ብትሸኛት ይቀላት ነበር። ማንም አያውቅባትም።

«እትዬ በሰለች፣ እኔ አውቄ ነበር» አለች። «ቅጾቹን አይቼ። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ጠርጥሬያለሁ። ጨዋታውን መሰረዝ ነበረብኝ።»

በሰለች ቀስ ብላ ዞረች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ዛሬ ረፋድ ላይ።»

«እሱ ሁለት ዓመት ደበቀኝ። አንቺ ስንት ሰዓት?»

«አራት።»

ናዝራዊት ጥፊ ጠብቃ ነበር። በሰለች ግን ክንዷን ካስለቀቀች በኋላ አንድ ሚኒባስ አስቁማ ገባች፤ በመስኮትም አላየቻትም።

አዳራሹ ውስጥ አብዱልሀሚድ ያንኑ ወንበር ላይ ነበር። ጋሽ ጌታሰው ጋቢያቸውን ደርበውለታል።

«ያ ነገር ቀድቷል?» አለ፣ በአገጩ ወደ መቅጃው እያሳየ።

«ቀድቷል።»

«ለፖሊስ ስጪልኝ።»

«አልችልም፣ ጋሽ አብዱልሀሚድ። አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ፈርሜልዎታለሁ። እርስዎ ግን ራስዎ መናገር ይችላሉ።»

«እንደገና ልለው ነው?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። «አንዴ ብያለሁ። ሁለተኛ አይከብደኝ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ።»

ያን ዕለት ማታ ናዝራዊት ለአብዱልሀሚድ ደጋግማ ደወለችለት፣ በማግሥቱም አልዩ አምባ ድረስ ወርዳ ሁኔታውን ስታይ ዋለች፤ ሚስቱ ከጎኑ ነበረች። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ፋይሉ እንደገና ተከፈተ፤ እሱም በዋስ ወጣ። የበሰለች ስልክ ግን አይነሣም ነበር።

ናዝራዊት ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የጻፈችው ሪፖርት ሦስት ገጽ ነው። አራቱን ሰዓት አልደበቀችም፤ ዶክተር ገብረመንፈስቅዱስ ጋ ስለ ባትሪ የደወለችውንም ጭምር ጽፋዋለች። አማካሪዋ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንደዚህ ብለሽ ብትነግሪኝ አስቁሚው ነበር የምልሽ» አሉ። «አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልነገርኩዎት» አለች። ጥናቱ ተዘጋ። የአንድ ዓመት ሥራዋ ዜሮ ሆነ። ሌላ ተሳታፊ ለመመልመል ከፈለገች ከማመልከቻው መጀመር አለባት።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ረቡዕ ቀን፣ የቢሮዋ በር ተንኳኳ። በሰለች ናት። ናዝራዊት ከወንበሯ ተነሣች።

«ሰውየው ከአልዩ አምባ ሽማግሌ ልኮ ነበር» አለች በሰለች፣ ሳትቀመጥ። «ሼክም ቄስም አብረው መጡ። አስገባኋቸው። ይቅር ግን አላልኩም፤ መጀመሪያ ፍርዱ ይለቅ አልኩ። እነሱም አላስጨነቁኝም።»

«እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«መጀመሪያ አንድ ወር ባሰብኝ። ሌት ተቀን ቆርቆሮ ሲመታ እሰማ ነበር። ከመዘዞ ጤና ጣቢያ ወደዚህ ሐኪም ላኩኝ፣ እየተመላለስኩ ነው። አሁን ትንሽ እተኛለሁ። ተኝታ ነበር ሲሉኝ አላምናቸውም ነበር፤ ያንን ለማንም አልተናገርኩም። እኔው ነኝ ያበድኩት እል ነበር።»

ናዝራዊት ወንበሩን ሳበችላት። በሰለች አመነታችና ተቀመጠች።

«እንደገና ልትጀምሪው ነው አሉ» አለች።

«ከፈቀዱልኝ። በመጀመሪያ ግን ያኔ የሆነውን በአዲሱ ማመልከቻ ላይ መጻፍ አለብኝ። ስምዎት አይኖርበትም። ይፈቅዱልኛል?»

በሰለች ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት አየች።

«ጻፊው። ግን ጨዋታው አዳናት ብለሽ እንዳትጽፊ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። እንደዚያ በይ። አንቺም ማስቆም ሲገባሽ እንዳላስቆምሽ ጻፊ።»

«ለኮሚቴው ጽፌዋለሁ።»

«አንብቢልኝ እስቲ» አለች በሰለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ እየተመቻቸች። ናዝራዊት ሪፖርቱን አወጣችና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች።